ጋሽ ፐርሰንት

ሰፈራችን ውስጥ ስሜ ተቀይሯል። ደረጃ ላይ የሚጫወቱት ሕፃናት ሲያዩኝ «ፐርሰንት መጣ!» ብለው ይበተናሉ። ትልልቆቹ ሲያከብሩኝ «ጋሽ ፐርሰንት» ይሉኛል። «ጋሽ»ን ብቻዋን ቢሰጡኝ እቀበል ነበር። ባለቤቴ ሳትቀር ባለፈው ለእህቷ በስልክ «ፐርሰንት እኮ ገና አልገባም» ስትላት ሰማኋት። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዘበኛችን ደሞዝ ነው።

እኛ ያለነው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ክረምት ላይ ከብሎካችን የአንድ ሰው የውሃ ቆጣሪ ተፈትቶ ተወሰደ። ውሃችን በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው የማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተነገረንም። እውነቱን ለመናገር ያ ቆጣሪ ከተተከለ ጀምሮ የቆጠረው አየር ነው። ቢሆንም ዕቃ ዕቃ ነውና ኮሚቴው ተቀምጦ ዘበኛችን አባባ ላይ ፈረደ። ከ5,000 ብር ደሞዛቸው 20 ፐርሰንት ይቀነስ ተባለ። 4,000 ሆነ።

ጊዜ አለፈ። አባባ ሽማግሌ ላኩ። ኮሚቴውም አዘነና መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «የተቀነሰው 20 ፐርሰንት ተመልሷል።» ማኅተም አለው። ደሞዝ ሲወጣ አባባ ቆጠሩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደገና ቆጠሩ። 4,800።

ገንዘብ ያዧን ጠየቋት። «20 ቀነስን፣ 20 ጨመርን፤ ምን ቀረ አባባ?» አለቻቸው። ሊቀመንበሩ ደግሞ «ሰው ሲምሩት አያውቅም» ብለው አለፉ።

ማታ ስገባ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። እስቲ ይቺን ነገር እይልኝ።»

የተማርክ ነህ ያለኝን ሰው እምቢ ማለት አልችልም። ብዙ ሰው ይህን ድክመቴን አውቆ ማመልከቻ አስጽፎኛል።

«አባባ፣ ሲቀንሱ የቀነሱት ከ5,000 ላይ ነው። 20 ፐርሰንቱ 1,000 ብር። ሲጨምሩ ግን የጨመሩት በ4,000 ላይ ነው። የእሱ 20 ፐርሰንት 800 ብር ነው።»

«ያው 20 አይደል?»

«20ው ያው ነው። መነሻው ነው የተለየው።»

«መነሻውማ እኔ ነኝ» አሉ አባባ። «እኔ ደግሞ ያው ነኝ።»

እዚህ ላይ ሰላም እደሩ ብዬ ደረጃዬን ብወጣ ኖሮ ዛሬ በስሜ እጠራ ነበር። እኔ ግን «የእሑድ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ» አልኩ።

እሑዱ ከማርያም ጋር ገጥሟል። ስብሰባው ብሎኩ ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ጋ ነው። ቡናው ይጨሳል። የግራውንዷ እትዬ በየወሩ በ21 እንደሚያደርጉት ድፎ ዳቦ ደፍተዋል። ትልቅ፣ ከነኮባው፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሶብ ላይ ተቀምጧል። ገና አልተቆረሰም። የንስሐ አባታቸው ከቅዳሴ ወጥተው መጥተው እስኪባርኩት እየተጠበቀ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

እጄን አወጣሁ። የአባባን ነገር አስረዳሁ። 5,000 ወደ 4,000 ሲወርድ 20 ፐርሰንት ነው፣ ከ4,000 ተነስቶ 5,000 ለመድረስ ግን 25 ፐርሰንት መጨመር አለበት አልኩ። በጣም ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንድሜ፣ የቀነስነው ስንት ነው?»

«20 ፐርሰንት።»

«አሁን ጨምሩ የምትለን?»

«25።»

ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ቆጣሪ አሰርቆ የ5 ፐርሰንት ሽልማት!»

ጭብጨባ። የአራተኛ ፎቁ ጎረምሳ ፉጨት ጨመረበት።

ስልኬን አውጥቼ ካልኩሌተር አሳየሁ። 5,000 ሲቀነስ 20 ፐርሰንት፣ 4,000። ሲደመር 20 ፐርሰንት፣ 4,800። ገንዘብ ያዧ አየችና «ስልክህ ቻይና ነው» አለችኝ። ሌላ ሰው ስልኩን አወጣ። እሱም 4,800 አለ። «ያንተም ቻይና ነው» ተባለ።

እንግዲህ ሰው በቁጥር ካልገባው በዓይኑ ማየት አለበት። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ጠመኔ የለም፣ ሰሌዳ የለም። ዳቦው አለ። ቢላዋውም አጠገቡ።

ጨርቁን ገለጥኩት።

«ይሄ የአባባ ደሞዝ ነው እንበል» አልኩ። እትዬ «አንተ ልጅ!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ያን ጊዜ ሙቀት ውስጥ ነኝ።

ክብ ዳቦ ለአምስት እኩል ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ። ለአራት ቀላል ነው፣ በመስቀል ቅርጽ ሁለቴ ማሳለፍ ነው። ለስምንትም ቀላል ነው። አምስት ግን የሰው ልጅ እጅ የሚያውቀው ቁጥር አይደለም። መጀመሪያ አንዷን ቆረጥኳት። ወፈረች። ጠርዟን ሸረፍኩ። አሁን ቀጠነች። የሸረፍኩትን መልሼ ለጠፍኩ። ዳቦ አይለጠፍም። ከዚያኛው ጎን ስሞክር ኮባው አብሮ ተቀደደ። ፍርፋሪው መሶቡን ሞላው። «አምስት እኩል ቦታ» እያልኩ አስረዳለሁ፣ አምስቱ ቁራጮች ግን አባትና ልጆች ይመስላሉ። ሕዝቡ ዝም ብሏል። እኔ ተመስጠው ነው ብያለሁ።

«አያችሁ፣ አንዷ ቁራጭ ተነሳች። ይህች 20 ፐርሰንት ናት። አሁን የቀረው ላይ 20 ፐርሰንት እንመልስ። የቀረው አራት ቁራጭ ነው። የአራት ቁራጭ 20 ፐርሰንት ሙሉ ቁራጭ አይሆንም፤ ቁራጯ አምስት እጅ ተደርጋ አራቱ እጅ ብቻ ነው።» ያነሳኋትን ከጫፏ ትንሽ ቆርጬ ትልቁን ክፍል ወደ ቦታው መለስኩ። ዳቦው ዳር ላይ ቀዳዳ ቀረ። ከመቶ አራት እጅ። 5,000 ቢሆን 200 ብር።

ማንም አስተማሪ ከዚህ በላይ አያስተምርም። አሁንም እላለሁ።

«ስለዚህ» አልኩ ቀዳዳውን በቢላዋ ጫፍ እያሳየሁ፣ «የአባባ ገንዘብ የጎደለው እዚህች ጋ ነው።»

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አሉ። እጄን አዩ። እጄ ባዶ ነው።

«የተረፈችዋስ?»

መልስ ልሰጥ ስል ነው ያወቅኩት። አፌ ሙሉ ነው። መቼ እንደጎረስኳት እግዚአብሔር ይወቅ። ሰው ሲያስረዳ እጁ የራሱ ሥራ ይኖረዋል። ትኩስ ድፎ ነው፣ ጥቁር አዝሙዱ ይሸታል፣ ጠዋት ምንም አልቀመስኩም። ልውጠው ስል አልሄድ አለ፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ሊቀመንበሩ ይህን ቀን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩ ይመስላሉ። ቀስ ብለው ተነሱ።

«ክቡራን ነዋሪዎች! የጎደለውን ማን እንደበላው በዓይናችሁ አይታችኋል።»

ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጥርሴን ስቦርሽ እሰማዋለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ከሁሉ የሚገርመው የሳቁት አባባም ናቸው። ለእሳቸው ብዬ የተዋረድኩትን ሰውዬ ማለቴ ነው። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። የንስሐ አባት የደረሱት እዚህ ላይ ነው። መሶቡን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ «ማን ነው?» አሉ። መቶ ጣት ወደ እኔ ዞረ። መቶ ፐርሰንት።

ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈውን ጸሐፊው አሳይቶኛል፦ «የዘበኛ ደሞዝ አጀንዳ በዳቦ ምክንያት ለሚቀጥለው ተላልፏል።» አባባ አሁንም የሚቀበሉት 4,800 ነው። ለእትዬም ካሳ ድፎ አስደፍቼ ወስጃለሁ። ተቀብለው «ሙሉ ነው?» አሉኝ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሊቀመንበሩ ብቻ አይደሉም። አገር ምድሩ በዚህ ነገር እንደተሸወደ ነው የሚኖረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን የተባለ ዕለት ንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም የነበረውን ዶላር በ74 ብር ከ73 መግዛት ጀመረ። «ብር በ30 ፐርሰንት ወረደ» ተብሎ በየቦታው ተወራ። በ30 ፐርሰንት የወጣው ዶላሩ ነው! ብሩ የወረደው 23 ፐርሰንት ነው። ይህንን ያን ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ ተናግሬ ነበር። አንዱ «ታዲያ ዘይት ረከሰ?» አለኝ። አልረከሰም። ዝም አልኩ።

ጫማ ቤቱስ? «30 ፐርሰንት ቅናሽ፣ በላዩ ላይ ሌላ 20!» ይልሃል። ሰው 50 ፐርሰንት የተቀነሰለት መስሎት ይጋፋል። የ1,000 ብር ጫማ መጀመሪያ 700 ይሆናል፣ ከዚያ 20 ፐርሰንቱ ከ700 ላይ ተቀንሶ 560 ይገባል። ቅናሹ 44 ነው። 6ቷ ፐርሰንት ሌላ ሰው ጎርሷታል።

አንድ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ብቻ ነው ልቤን ያራሰልኝ። ከነቫቱ 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ላይ «ያለ ደረሰኝ ከወሰድክ 15 ፐርሰንቷን ልቀንስልህ» አለኝ። በካልኩሌተሩ ቀንሶ 977 ብር ከ50 አለ። ዕቃው ያለ ቫት 1,000 ብር ነው። ቫቱ 150 ብር ነው፣ ከ1,150 ሲሰላ 13 ፐርሰንት ገደማ። ሰውዬው መንግሥትን ላጭበርብር ሲል ከራሱ ኪስ 22 ብር ከ50 ሊያወጣ ነው። አልነገርኩትም። በደረሰኝ ገዛሁ። አጠገባችን መደርደሪያው ላይ ግማሽ ዳቦ ነበረና መከራከር ፈራሁ።

ወደ ብሎካችን ልመለስ፣ ጉዱ አላለቀም። ለሮቶ መግዣ ተብሎ የወር መዋጯችን ከ500 ብር ላይ 20 ፐርሰንት ተጨምሮበት 600 ሆኖ ነበር። ሮቶው ተገዛ። የባለፈው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ተነሱና «ቃል እንደገባነው የጨመርነውን 20 ፐርሰንት ከዛሬ ጀምሮ ቀንሰናል!» አሉ። ጭብጨባው ልብስ ማስጫውን አወዛወዘው።

480። ወዲያው ታየኝ። አፌን ዘጋሁ። ከንፈሬን ነከስኩ። ባለቤቴ ክርኔን ያዘችኝ።

ገንዘብ ያዧ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ትሠራለች። ትሰርዛለች። እንደገና ትሠራለች። ስልኳን አወጣች፣ ነካካች፣ ስልኩን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«በየሰዉ 20 ብር ጎደለኝ» አለች። «500 መግባት አልነበረበትም እንዴ?»

አንድም ሰው ወደ ሊቀመንበሩ አልዞረም። ሁሉም የዞረው ወደ እኔ ነው፤ የሚያዩትም አፌን ነው። ቡና እንኳ ገና አልቀመስኩም ነበር። ምርጫ ስላልነበረኝ ከፍቼ አሳየኋቸው።