አባቴን ለንስሐ ያበቃው ፍሬ

አባቴ ግቢያችን ውስጥ የሚበቅለውን ነገር ሁሉ በሁለት ይከፍላሉ፤ የሚበላና የሚያጥር። ድራገን ፍሩት የሚባለውን የፍራፍሬ ተክል ቅርንጫፍ ከአንድ ወዳጄ ቤት ቆርጬ ሳመጣ ከየትኛው እንደሚመድቡት ቸገራቸው። እሾሁን ሲያዩ «ቁልቋል ነው» አሉ። ቢላዋ አምጥተው ጫፉን ቀነጠቡና ወተት እስኪወጣው ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። «ወተት የሌለው ቁልቋል! ይኼ ከብት እንኳ አይመልስ» ብለው ትተውኝ ሄዱ።

ተክሉ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ እንደ ሐረግ የሚንጠላጠል ካክተስ ነው። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ይቆያል፤ ከዚያ ውሃ በማይቋጥር አፈር ይተከላል፤ ውሃ ከበዛበት ከሥሩ ይበሰብሳል። መደገፊያም ይፈልጋል። እኔም የሲሚንቶ ምሰሶ አቆምኩና አናቱ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ አጋደምኩበት፤ ቅርንጫፎቹ በጎማው ቀዳዳ ወጥተው ዙሪያውን እንዲንዠረገጉ። የአዳማ ሙቀት ተስማማው። ችግሩ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ፤ ጎማውን በአጥር አሻግረው እያዩ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ መስሏቸው ኳስ ይዘው በር ያንኳኩ ነበር።

ሰኔ ላይ አበበ። አበባው ማታ ይፈነዳል፤ ሲነጋ ጠውልጎ ይገኛል፤ ዕድሜው አንዲት ሌሊት ናት። በትውልድ አገሩ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱት የሌሊት ወፎችና የእሳት እራቶች ናቸው፤ እኛ ቤት ግን ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። ውስጣቸው ቀይ ከሆኑት ዝርያዎች ብዙዎቹ በራሳቸው ብናኝ ስለማያፈሩ ከጎኑ ውስጡ ነጭ የሆነ ሌላ ተክዬለት ነበር፤ ደግነቱ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ፈነዱ። ለስላሳ ብሩሽ ሲጠፋ የአባቴን የጢም መላጫ ብሩሽ ወሰድኩ። በማግስቱ የሳሙናው አረፋ ለምን ቢጫ እንደሆነ ሲጠይቁ ዝም አልኩ፤ አሁንም ዝም እንዳልኩ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ቆርጬ በክብር ለአባቴ አቀረብኩ። ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሰሊጥ የሚያካክሉ ጥቁር ዘሮች ተነስንሰውበታል። ጭማቂው ጋቢያቸው ላይ ተንጠባጠበና እስከ ዛሬ አልለቀቀም። «ስኳር ያንሰዋል» አሉ፤ ግን አንዱን ጨርሰው ሌላ አስቆረጡ። እናቴም «ብላ እንጂ፣ ቀይ ነገር ደም ይተካል» አለቻቸው። ይህች ቃል ናት ጉድ ያፈላችው።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ ሰላምታም አልሰጡ። የቡናው አቦል ፊታቸው ቀዘቀዘ። ቆይተው «ያ ፍሬ ተርፏል?» አሉ። ሁለት አቀረብንላቸው፤ እንደ መድኃኒት ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ። እኔ ሞኙ ፍሬዬን ስለወደዱልኝ ደስ ብሎኝ ሥራ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ማታ ነው። ቀን ላይ ምንጃር ላለው ወንድማቸው ስልክ ደውለዋል። ሁለቱ በድንበር ላይ ባለ ባሕር ዛፍ ተጣልተው ለዓመታት አይነጋገሩም። «ዛፉ ያንተ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ» አሏቸው። አጎቴ ደንግጠው «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉ «ሰው መሆን» ብለው ስልኩን ዘጉት። ቀጥለው እድር ሄዱ። እኔ ከሥራ ስገባ የንስሐ አባታቸው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ደግሞ በር ላይ ቆሞ እናቴን በሹክሹክታ «ጋሼ ደህና ናቸው? የዓመት መዋጮ ቀድሞ የከፈለ አባል አይቼ አላውቅም» ይላታል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

አባቴ ወደ ጓዳ ጠሩኝና የቤቱን ካርታ፣ የባንኩን ደብተር፣ የእድሩን ደረሰኝ በተራ በእጄ አስያዙኝ። «እናትህን አደራ» አሉ።

«አባባ፣ ምን አገኘዎት?»

በሩን ገርበብ አድርገው «ሽንቴ ደም ሆኗል» አሉኝ። «ጠዋት ጀመረኝ። ደም እንዲተካልኝ ፍሬውን አብዝቼ ብበላ ጭራሽ ባሰብኝ።»

ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ አንዲት የደም ሕዋስ የለችበትም። ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን ደጋግማ አየችና «አባባ፣ ሰሞኑን ቀይ ሥር በልተው ነበር?» አለች።

አባቴ ተቆጡ። «በፍስክ! ያውም በማክሰኞ! ማን ቀይ ሥር ይበላል?»

ያኔ ነው የገባኝ። ስለ ፍሬው ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። የፍሬው ማቅለሚያ ከቀይ ሥር ማቅለሚያ ጋር ዘመድ ነው፤ ብዙ ከተበላ ሽንትን ያቀላል፤ ጉዳት የለውም፤ መብላቱ ሲቆም ይጠራል። «ዛሬ ጠዋትስ በልተዋል?» ብትላቸው «ሦስት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

በባጃጅ ስንመለስ ለረጅም ጊዜ አልተነፈሱም። ወደ ሰፈር ስንደርስ ብቻ «እድሩ ገንዘቡን ይመልስልኝ ይሆን?» አሉኝ። አይመልስም።

ቤት ስንገባ አጎቴ አንድ ጆንያ ነጭ ጤፍ ይዘው ከምንጃር ደርሰዋል። ወንድማቸውን በእግራቸው ቆመው ሲያዩ አቅፈው አለቀሱ፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ደግሞ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። «እንግዲያው የባሕር ዛፉ ነገር…» ብለው ሲጀምሩ አጎቴ «ቃል ሰጥተሃል፤ ንስሐህንም ጨርሰሃል» ብለው አፋቸውን አስያዙ።

ሲሸኙ አጎቴ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ስሰጣቸው «ድንበሩ ላይ እተክለዋለሁ፤ ለሁለታችንም ያፈራልናል» አሉ።

አባቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «በየትኛው በኩል?»