ማሊያው የእሱ፣ ዕዳው የእኛ

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት ውስጥ ነው። በር፣ መስኮት፣ አጥር እንሠራለን። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሠራተኞች እግር ኳስ ቡድንም ገንዘብ ያዥ ነኝ። ይሄኛው ሥራ ደሞዝ የለውም። ባለፈው ዓመት እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን እሱ ነው።

64 ሠራተኞች በየወሩ 100 ብር እናዋጣለን። 6,400 ብር ይሆናል። የሜዳና የሚኒባስ ኪራይ ይሸፍናል። እሁድ ጠዋት ከሰፈር ቡድኖች ጋር እንጫወታለን። በአካባቢያችን ሜዳ በኮንዶሚኒየም እየተተካ ስለሄደ አንዳንዴ ገላን ድረስ እንሄዳለን። ሰው ግን አይቀርም። ጥበቃው፣ ምግብ የምታበስልልን እህታችን፣ የሠራተኛው ልጆች፣ ሁሉም መስመሩ ዳር ይቆማሉ።

አንድ ቀን አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሊያየን መጣ። ደንበኛችን ነው። ማሊያችን በእጥበት ብዛት ነጭ ይሁን ግራጫ አይለይም ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙንና እኔን ጠርቶ "እኔ ባለቤት ልሁናችሁ" አለን። ማሊያ፣ ኳስ፣ የስፖርት ቱታ፣ ሁሉንም ሊያሟላ። ስሙ ደረታችን ላይ ይጻፋል፣ እሱም የቡድኑ ፕሬዚዳንት ይባላል። አሰልጣኙ እጁን ይዞ አልለቅ አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ዕቃውን ልንገዛ አብረን ሄድን። 25 ሙሉ ማሊያ 50,000 ብር፣ 25 ቱታ 40,000፣ ኳሶቹ 10,000። በድምሩ መቶ ሺህ። ነጋዴው 20,000 ብር ቀብድ ከፈለ። "ቀሪውን ቀስ እያልን እንዘጋዋለን" አለ። ባለሱቁ የዱቤ ውል አወጣ። 80,000 ብር፣ በወር 10,000፣ ለ8 ወር። ተበዳሪ የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የቡድኑ ስም ነበር። ፈረምኩ። "እንዘጋዋለን" ሲል እሱም ያለበት መስሎኝ ነበር።

ወሩ ሲደርስ ባለሱቁ ደወለልኝ። ነጋዴው ጋ ብደውል አያነሳም። በሦስተኛው ቀን አነሳና "ቡድኑ መዋጮ አለው አይደል እንዴ?" አለኝ። በቃ፣ ይሄው ነው። በዚያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ የቡድናችንን ፎቶ በትልቁ አሠርቶ ሰቅሏል።

ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋገርንና መዋጮውን ከ100 ወደ 260 ብር አሳደግነው። ለሠራተኛው አልነገርንም። ፔሮል ላይ አንድ ቁጥር ቀየርኩ፣ አለቀ።

የደሞዝ ቀን ሰው ተሰልፎ ይፈርማል። አንዱ ቁጥሩን አይቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀጥሎ ያለውም አስቀመጠ። ማንም አልጮኸም። "ማን ጠይቆን ነው?" ያለችው ቀለም የምትቀባው ልጅ ብቻ ናት። መልስ አልነበረኝም። መጨረሻ ላይ ፈረሙ፣ የቤት ኪራይ አለባቸዋ።

ከምሳ በኋላ ጋሼ አስጠሩኝ። በያጅ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለማንቼ፣ ለማንቸስተር ዩናይትድ፣ ያላቸው ፍቅር ሌላ ነው። ሲሸነፍ ሰኞን አያወሩም። እሳት ባጠቆራቸው ጣቶቻቸው መሀል ጠመኔ ይዘዋል። ሊቆረጥ የተዘጋጀ ላሜራ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

"ና እስቲ ልጄ" አሉኝ። ላሜራው ላይ ሦስት ክብ ሣሉ። "ይሄ ግሌዘር ነው። ይሄ ክለቡ ነው። ይሄ አበዳሪው ነው።"

እ.ኤ.አ. በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ማንቸስተር ዩናይትድን የገዛው ወደ 790 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ነው። ከግማሽ በላዩ ብድር ነበር። ጋሼ ከአበዳሪው ወደ ግሌዘር ቀስት አሰመሩ። ቀጥለው ዕዳ ብለው ጻፉና ከግሌዘር ወደ ክለቡ ሌላ ቀስት አሰመሩ። ዕዳ ያልነበረበት ክለብ፣ ራሱ ለተገዛበት ብድር ከፋይ ሆነ። ከብድሩ ከፊሉ ዋስትናውም የክለቡ የራሱ ንብረት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለወለድ፣ ለዕዳና ለባለድርሻዎች ትርፍ የወጣው ተደምሮ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል።

"በዚህ ገንዘብ ስንት ተጫዋች ይገዛል?" አልኳቸው።

"ተጫዋቹን ተወው" አሉ። "ምሳውን ሰምተሃል? እንግሊዛዊው ቢሊየነር ጂም ራትክሊፍ መጥቶ 27.7 በመቶ ገዛ፣ አብላጫው ድምፅ ግን ግሌዘሮቹ እጅ ነው። ኪሳራ ነው ተባለ። በ2024 ወደ 250 ሠራተኛ ተቀነሰ። በ2025 ደግሞ የሠራተኛውን ነጻ ምሳ አስቀሩት። ትኬት የምትቆርጠዋ፣ ሣር የሚያጭደው፣ እነሱ ናቸው እንዴ የተበደሩት? አየህ ዕዳ የት ድረስ እንደሚወርድ?"

ከዚያ ክቦቹን በጨርቅ ጠርገው በየቦታው የኛን ሰዎች ጻፉ። ነጋዴው። ቡድኑ። ባለሱቁ። ቀስቶቹን አልነኩም። እንዳሉ ልክ ገቡ።

ቆሜ ቀረሁ። ዓመታት ሙሉ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ግሌዘር ስሰማ የሀብታም ጠብ ይመስለኝ ነበር።

የእኔ ጥፋት ግን ከነጋዴውም ይብሳል። እሱ ነጋዴ ነው፣ እኔ የሰው ደሞዝ በአደራ የተሰጠኝ ሰው ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ በቀር፣ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደሞዙ መቁረጥን ይከለክላል። ሠራተኞቹ የፈረሙልኝ ለ100 ብር ነው። ቅጾቹ ከወንበሬ ኋላ ካለው ካቢኔ ውስጥ ነበሩ። 160ውን ብር የቆረጥኩት በየትኛውም ወረቀት አይደለም። ለመልካም ነገር ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ገንዘብ የሚይዝ ሰው እንዲህ ማለት ሲጀምር ያስፈራል።

እሁድ ሜዳ ስንደርስ ተጫዋቾቹ አዲሱን ማሊያ ከቦርሳ አላወጡትም። ያንን ያረጀውን ለብሰው ገቡ። ዳር ያለው ሰው ጎል ሲገባም አላጨበጨበም። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የማንቼ ደጋፊዎች ግሌዘሮቹን ለመቃወም አረንጓዴና ቢጫ ሻርፕ ለብሰው የክለቡ ስታዲየም ኦልድትራፎርድ እንደገቡ ነገሩኝ። ክለቡ ኒውተን ሂዝ ይባል በነበረበት ዘመን ይለብሰው የነበረ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሜዳው ውስጥ ገብተው የሊቨርፑሉ ጨዋታ በዕለቱ ሳይካሄድ ቀረ።

"ክለቡን ጠልተው አይደለም" አሉኝ። "የጠላ ሰው ቤቱ ይቀመጣል።"

ሰኞ ስብሰባ ጠራሁ። ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የፈረሙባቸውን ቅጾች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ያጠፋሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ መብቱ ነው። ሊቨርፑል የሚደግፈው ረዳት በያጅ፣ የእነሱም የቀድሞ ባለቤቶች ሂክስና ጂሌት በብድር ገዝተው ደጋፊው ዓመታት እንደታገላቸውና እ.ኤ.አ. በ2010 ክለቡ በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ለሌላ እንደተሸጠ አነሳ። ተስፋ ሊሰጠን ፈልጎ ነው። ሌላው ደግሞ "ያለ ባለቤት ቡድን አይቆምም፣ የኛም አገር ክለቦች ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት በጀት ባይሰጣቸው የሉም" አለ። እውነት አለው። በጀቱ ሲዘገይ የተጫዋች ደሞዝ እንደሚዘገይም ሁላችን እናውቃለን። ቀለም ቀቢዋ ልጅ ግን "የጀርመኖቹስ?" አለች። እዚያ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር ከድምፁ ከግማሽ በላይ የአባላቱ መሆን አለበት፣ ሃምሳ ሲደመር አንድ ይሉታል። "እኛ 64 ነን፣ እጅ እናውጣ" አለች።

እጅ ወጣ። ቱታዎቹ ከነላስቲካቸው ስለነበሩ ባለሱቁ በ36,000 ብር መልሶ ወሰዳቸው። አስር ሺህ ተከፍሎ ስለነበር የቀረብን 34,000 ሆነ። ነጋዴውን አስጠራነው። 20,000 ብሩ ለአንድ ዓመት የማስታወቂያ ክፍያ ይሁን፣ ስሙ ማሊያው ላይ ይቆይ፣ ፕሬዚዳንትና ባለቤት የሚባል ነገር ግን የለም አልነው። ቅር ብሎት ፈረመ። መዋጮው ለጊዜው 150 ብር ሆነ። በዚህኛው ላይ 64ቱም በጽሑፍ ፈርመዋል።

ጋሼ ያቺን ላሜራ ለሥራ አልሰጡም፣ ዋጋዋን ከፍለው በሩ አጠገብ አቆሟት። በየወሩ ደሞዝ ስከፍል የቀረውን ዕዳ በጠመኔ የምጽፍባት እኔ ነኝ። ትናንት 3,200 ብር ከፍዬ መጣሁና የድሮውን ጠርጌ 8,400 ጻፍኩ። ምግብ አብሳያችን የድንች ሳህን ይዛ ስታልፍ ቆም ብላ አነበበችው።

"ሦስት ወር ቀረን ማለት ነው?" አለችኝ።

"አዎ እህቴ፣ ሦስት ወር ቀረን" አልኳት።