ክሬዲቴን ያሻገረው አባቴ ነው

ሀገር ቤት ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማረ ሰው አሜሪካ ሲገባ ሦስተኛ ዓመት ብሎ የሚቀጥል ይመስለዋል። እዚያ ግን ስንት ዓመት ተማርክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚቆጠረው ክሬዲት፣ ማለትም ላለፍከው ለእያንዳንዱ ኮርስ የሚያዝልህ የትምህርት መጠን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይፈልጋል። ጨዋታው የትኛው ኮርስህ ከእነሱ ኮርስ ጋር ይገጥማል የሚለው ነው።

እኔ ዲቪ የደረሰኝ አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ስማር ነው። ቨርጂኒያ ገብቼ እንደ ብዙ አበሻ ኖቫ ሄድኩ። ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ነው፤ አሌክሳንድሪያ ካምፓሱ አማርኛ ሳይሰሙ መዋል ይከብዳል። አድቫይዘሯ የያዝኩትን የትራንስክሪፕቴን (የኮርሶቼና የውጤቴ ዝርዝር) የተማሪ ኮፒ አየችና መለሰችልኝ። የውጭ ሀገር ትምህርት በገምጋሚ ድርጅት ማለፍ አለበት። የሚከፈለውም እያንዳንዱን ኮርስ ለየብቻ ለሚያየው «ኮርስ ባይ ኮርስ» ግምገማ ነው፤ ርካሹ ለትራንስፈር አይረባም። ትራንስክሪፕቱ ደግሞ ከኮሌጁ በታሸገ ፖስታ ይምጣ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የአባቴ ሆነ። ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ውክልና ላክሁለት። እሱ ደግሞ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ብዙም አይርቅም። ከዚያ መሀል ከተማ ታክሲ ተጋፍቶ መድረስ ለወጣትም ፈተና ነው። «ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ» አለኝ። ሬጅስትራሩም ጊዜውን ከልቡ ተጠቀመበት። አንዴ ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ክሊራንስ (ከኮሌጁ ዕዳ የለባትም የሚለውን ወረቀት) አልጨረሰችም። ክሊራንስ! ከላይብረሪው መጽሐፍ ተውሼ አላውቅም፤ ላይብረሪው ራሱ ተቆልፎ ነበር የሚውለው።

በመጨረሻ ፖስታው ታሽጎ፣ ክዳኑ ላይ ማኅተም አርፎበት ተሰጠው። ቤት ይዞት መጣና ከፈተው።

ስልክ ላይ ስጮህ ረጋ ብሎ ሰማኝ። «ልጄ፣ ያላነበብኩትን ወረቀት ባሕር አላሻግርም» አለኝ። ለካ የአያቴ ስም አጻጻፍ ከፓስፖርቴ ይለያል። አሜሪካ ደግሞ የቤተሰብ ስሜ ሆኖ የተመዘገበው የአያቴ ስም ነው። እንዲያው ቢላክ ኖሮ ይቺ ማናት የሚል ጣጣ ይከተል ነበር። ተመልሶ ሄደ፣ አስተካከሉ፣ ኮሌጁ ራሱ አሽጎ ሲልከው እዚያው ቆሞ አየ።

ግምገማው ሲመጣ ሒሳብና ኢኮኖሚክስ ያለ ክርክር ተያዙልኝ። የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ሆነ። የግብር ሕጉ ወደቀ፤ እውነቱን ለመናገር የእኛ ተርን ኦቨር ታክስ ቨርጂኒያ ውስጥ ምን ይሠራል? ጉዱ የፈላው አካውንቲንጎቹ ላይ ነው። የኮርሶቹ ስም አንድ ዓይነት ነው፤ ውስጣቸው ምን እንደሆነ ግን ትራንስክሪፕት አይናገርም። ኮርስ አውትላይን አምጪ ተባልኩ። ምዕራፎቹ፣ መማሪያ መጽሐፉ፣ የክፍለ ጊዜው ብዛት የተጻፈበት።

አባቴ እንደገና ታክሲ ያዘ። ዲፓርትመንቱ ኮፒ የለውም፣ መምህሩም ለቋል። ያዳነችኝ ሁሉንም ነገር በፎልደር የምታስቀምጥ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ስንስቅባት ነበር። የእሷን ፎቶ ኮፒ ዲፓርትመንቱ ማኅተም መታበትና ኮርሶቹ ተያዙ። ለእኔ አውትላይን ከትራንስክሪፕቱ አያንስም። ትራንስክሪፕት ከዓመታት በኋላም ይወጣል፤ አውትላይን ግን ካሪኩለሙ ሲቀየር የትም አይገኝም። ከሀገር ሳትወጡ በማኅተም ያዙት።

ግሬዴ ግን አብሮ አልተሻገረም። ክሬዲቱ ተያዘ፣ ጂፒኤዬ ከዜሮ ጀመረ። ለሰነፍ ተማሪ ምሕረት ነው። እኔ ግን ስንት ሌሊት ሻማ አብርቼ ያመጣሁት «ኤ» ነበር፣ ተናደድኩ።

ከኖቫ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መዛወሩ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀልድ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። የትኛውን ኮርስ ብትወስጂ ይያዝልሻል የሚለው ገና ኖቫ ስትገቢ ተጽፎ ይሰጥሻል። በሀገራችን ኮሌጆች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ለእረፍት ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ከብሎካችን ዲቪ የደረሰው አንድ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። ኮስት ሼሪንጉ (የትምህርት ወጪ መጋራቱ) ካልተከፈለ ኦሪጅናል ዲግሪውን እንደማይሰጡት ያውቃል፤ ያሰበበት እሱን ብቻ ነው። ስለ አውትላይን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«መምህሮቹ በቴሌግራም ነበር የሚልኩልን። ማኅተም የለውም።»

አባቴ ጋዜጣውን ሳያወርድ ጣልቃ ገባ። «ፕሪንት አድርገህ ማክሰኞ ውሰደው» አለው። «ሰኞ ፈራሚው ስብሰባ ነው።»