ሱታርቲኔስን ከባንድ ጋር ልትቀርጹ ከሆነ

ይህን የምጽፈው ስቱዲዮ ከመግባታችን በፊት አንድ ሰው ቢነግረን ኖሮ ስንት ንዴት ይቀርልን ስለነበር ነው።

በሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ውስጥ በአንድ ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የምንሠራው በሱታርቲኔስ ላይ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ሊትዌኒያ የመጡ፣ በአብዛኛው ሴቶች የሚያዜሟቸው የቆዩ የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በቅርስነት መዝግቧቸዋል። ዘፈን ማግኘት አላስቸገረንም፤ ዜኖናስ ስላቪዩናስ ያሰናዳው ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1959 በሦስት ቅጽ ታትሟል። ልምምዱም ደህና ሄደ።

ያቃጠለኝ ቀረጻው ነው።

ለሦስት ሰው በተሠራው ዓይነት ሴቶቹ ተራ በተራ ይገባሉ። አንዷ ስታርፍ ሁለቱ ያዜማሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ድምፅ አብሮ ይሰማል። ሁለቱ ደግሞ በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጭ ቁልፎችን አንድ ላይ እንደመጫን። ይጋጫሉ፣ አየሩ ይንቀጠቀጣል። ውበቱ እዚያ ግጭት ላይ ነው ያለው።

የቀረጻ ባለሙያው ሦስቱን ዘፋኞቻችንን ለየብቻ ክፍል አስገባቸው። ጆሮ ማዳመጫ አጠለቁ፣ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ተለቀቀባቸው። «ደንቡ እንዲህ ነው» አለን። እያንዳንዷ ግን ድምጿን የምታስተካክለው ከጎኗ ያለችውን እየሰማች፣ አፏን እያየች ነው። ያም ሆኖ ተዘፈነ። እኛ ከወጣን በኋላ ሰውየው በአውቶትዩን (የድምፅን ከፍታ በሚቀይር ሶፍትዌር) ድምፆቹን አራርቆ «አሳመራቸው»። ቅጂው ሲደርሰን ልስልስ ያለ፣ የትም የሚሰማ የመዘምራን ዜማ ሆኗል። ጥሬውን ስንጠይቀው አጥፍቶታል። «የተሳሳተውን ነው ያስተካከልኩት» አለን፤ ሂሳቡንም ሙሉውን ተቀበለ። ድጋፍ የሰጠን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ «እንዲያውም ለሬዲዮ ይመቻል፣ ይሄንኑ አስገቡ» አሉን። ቅርስ ለመጠበቅ በተመደበ ገንዘብ! እስከ ዛሬ ሲነሳብኝ ደሜ ይፈላል።

አላስገባነውም። ከኪሳችን አዋጥተን እንደገና ቀረጽን፣ በዚህም እኮራለሁ። ሴቶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቆሙ፤ መሃላቸው አንድ ስቴሪዮ ማይክ ብቻ። ሜትሮኖም የለም፣ ምቱን በእግራቸው ያዙት። ከግድግዳው የተመለሰው ድምፅ ሳይቀር ገባ። ያ ንዝረት ደረት ላይ ይሰማል።

ስለ መሣሪያም ልናገር። ጊታር ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) አታስገቡ። ኮርዱ ከሁለቱ ድምፆች አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስህተት ያስመስለዋል። እኔ ቤዙን አንድ ኖታ ላይ አቆየዋለሁ፣ በቃ። ኪቦርዱን ደግሞ ከስኩዱቻይ ነው የተማርነው። ስኩዱቻይ እዚያው አካባቢ የሚነፋ ዋሽንት መሳይ ቧንቧ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ወይም ጥቂት ቧንቧ ይይዛል፣ ዜማው በመካከላቸው ተከፋፍሎ ይሠራል። እኛም ኖታዎቹን ለሁለት ሰው አከፋፈልናቸው።

ብዙ አስተማሪዎች «መጀመሪያ ዜማችሁን ለብቻ አጥኑ» ይላሉ። አትስሟቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሚጋጨው ድምፅ ጋር አብራችሁ አጥኑ፤ ለብቻው የለመደ ሰው ሲጋጭበት ይሸሻል።

ከስቱዲዮው ጋር ደግሞ «ድምፅ አይስተካከልም» የሚል ውል በጽሑፍ ያዙ። ጥሬ ቅጂውን በዚያው ቀን በሃርድ ዲስክ ሳትቀበሉ ቀሪውን ክፍያ አትክፈሉ።