በቫርኒሽ የተሸፈነ ፀደይ

በረዳትነት ወደምሠራበት፣ ኮፐንሃገን ወደሚገኘው የሥዕል ጥገና ክፍል፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣለና የሠዓሊው ፊርማ የሌለበት አንድ የዴንማርክ ደን ሥዕል ለጽዳት መጣ። ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ወቅቱን የቅጠል መርገፊያ ብሎታል፤ ሰማዩ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ፣ መሬቱ ቡናማ፣ በታችኞቹ ቅርንጫፎችም ላይ የደረቁ ቅጠሎች ስለነበሩ ስያሜውን የተጠራጠረ አልነበረም። ባለቤቱ ወርቃማ መልኩን እጅግ ይወዱት ስለነበር፣ አቧራው ብቻ እንዲጠረግላቸው ጠየቁ።

በደን አጠገብ ያደጉት አንጋፋዋ ባልደረባችን ግን ሸራውን ቀርበው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «መሬቱ ላይ ያሉት እነዚህ ነጥቦች የረገፉ ቅጠሎች ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም እንዲህ ቀና ብለው አይቆሙም ነበር» አሉን።

ሥዕልን ለመጠበቅ ከላይ የሚቀባው፣ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ቫርኒሽ በብርሃንና በአየር ምክንያት ከዘመን ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ በዚህም ሰማያዊው አረንጓዴ፣ ነጩም የገለባ ቀለም ይመስላል። ሥዕሉን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ስናየው ገጹ በሙሉ የእንዲህ ያለ ያረጀ ቫርኒሽ ምልክት የሆነ አረንጓዴማ ፍካት ሰጠ። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ማሟሚያ ፈሳሽ በነካ ጥጥ ሁለት ጥፍር የሚያካክሉ ቦታዎችን ስናጸዳ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ሰማያዊ ግራጫ ሰማይ፣ ከታች ደግሞ የነጭ አኔሞኒ አበቦች ወጡ።

አኔሞኒ የሚያብበው የቢች ዛፎች ቅጠል አውጥተው ከማጥላታቸው በፊት፣ ብርሃን እስከ መሬት በሚደርስባቸው የአፕሪል ሳምንታት ነው፤ ለጋ የቢች ዛፎችና የታችኞቹ ቅርንጫፎች ደግሞ የደረቀ ቅጠላቸውን ክረምቱን ሙሉ ይዘው ስለሚቆዩ፣ ቡናማ ቅጠል ብቻውን ስለ ወቅቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የዴንማርኩ ሠዓሊ ፒ. ሲ. ስኮውጎርድ እ.ኤ.አ. በ1857 የሣለው፣ በዴንማርክ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው የሜይ ወር የቢች ደን ፀደዩ ከገባ በኋላ ያለውን ልምላሜ ያሳያል። ስሙ ያልታወቀው የእኛ ሠዓሊ ግን የመረጠው ከዚያ የሚቀድመውን ጊዜ ነው፤ ዛፎቹ ገና ራቁታቸውን ሳሉ ለውጡ ከመሬት ሲጀምር። ለእኔ ይህ ምርጫ ከልምላሜው ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን የቆመው በጥቃቅን የቀለም ልዩነቶች ላይ በመሆኑ፣ ያረጀ ቫርኒሽ መጀመሪያ የሚያጠፋውም እሱኑ ነው።

ባለቤቱ የጸዱትን ቦታዎች በቀን ብርሃን ካዩ በኋላ ሙሉ ጽዳቱን ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ስንሞላ የጀርባውን ጽሑፍ ነባር ስያሜ ብለን ለብቻው እናሰፍራለን፤ ወቅቱ ግን የሚጻፈው ቫርኒሹ ከተፈተሸና ዕፅዋቱን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ካየው በኋላ ነው።