ሳጥኑ ውስጥ ስንት ይግባ?

ቤታችሁ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ካለ እስቲ ይህችን ጻፉለትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

8 + 4 = ☐ + 5

"12!" ይላል፣ ፈጠን ብሎ። አንዳንዱ ደግሞ ያየውን ቁጥር ሁሉ ደምሮ "17" ይላል። "7" የሚል ከገጠማችሁ "እንዴት አወቅህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

እኔ የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። ኅዳር ላይ ውርጩ ሳይለቅ ክፍል ስንገባ ጣት ጠመኔ አይጨብጥም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በጭቅጭቅ ነው የምንሞቀው፤ ለጭቅጭቅ ደግሞ እንደዚህች ጥያቄ የሚሆን የለም።

መቼም "የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ መሠረት የለውም" የሚል አይጠፋም። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ይህችኑ ጥያቄ ለተማሪዎች የሰጡ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሳትመዋል። ከጠየቋቸው 145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ 12 ወይም 17 ነው ያሉት። ስድስተኛ ክፍል!

ጣጣው ያለው እኛ በምናሠራቸው መልመጃ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የእኩልነት ምልክቷ መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ አለ፣ አለቀ። 3 + 2 = ☐። 9 − 4 = ☐። ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። ልጁም እነዚያን ሁለት ሰረዞች "በል እንግዲህ መልሱን ጻፍ" የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይይዛቸዋል። ምልክቷን በ1557 (ይህም በፈረንጅ ነው) ያመጣት የዌልሱ ሰው ሮበርት ሬከርድ ግን ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። ሰውየው ያሰበው ግራና ቀኙን ነው።

ክፍሌ ውስጥ እናቷ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ልጅ አለች። ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን አሳምራ ታውቀዋለች። "12" ያለችውን ጓደኛዋን "እንዴ! 12 ካደረግሽውማ በዚህ በኩል ያለው ቁጭ ይላል። 12 እና 5ኮ 17 ነው!" አለቻት። እኔ ሳምንት ሙሉ ባስረዳ ከዚህ አልሻልም።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ እንዲህ አለ፦ "5 ከ4 በአንድ ይበልጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ከ8 በአንድ ማነስ አለበት።" ልብ በሉ፣ ምንም አልደመረም። 12ን ጨርሶ አልጠራትም። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና አይቶ ነው 7 ያለው። ኤክስ የምትባል ፊደል አይቶ አያውቅም፤ የሠራው ግን አልጀብራ ነው። ወዲያው 58 + 34 = ☐ + 35 ብዬ ጻፍኩ። ደማሪዎቹ ጣታቸውን ሲቆጥሩ እሱ ሳቀ። 57 ነዋ!

ከሁሉ የምወደው ግን የባቄላውን ነው። (ጥሬ ባቄላ ይሁን። ቆሎ ከሆነ ማስረጃው ይበላል።) "ሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ምን ይሆናሉ?" አልኳቸው። 3 እና 5 ሞከሩ፣ 7 እና 9 ሞከሩ። "ተጋማሽ ነው ቲቸር!"

"ሁልጊዜ?"

"አዎ፣ ሞክረነዋል።"

"ያልሞከራችሁትስ?"

እዚህ ላይ ጸጥ አሉ። ቁጥር አያልቅም፣ ባቄላው ግን ያልቃል። አንዷ ባቄላዎቿን ሁለት ሁለት አድርጋ ደረደረች። በዚህ ክምር አንድ ተረፈ፣ በዚያም አንድ ተረፈ። የተረፉትን ሁለቱን ገፋ አድርጋ አጣመረቻቸው። "በቃ፣ ብቸኛ የለም።" በ1000ዎቹ ቢሆንስ? "ስንትም ይሁን ቲቸር። ኢተጋማሽ ማለትኮ አንድ የሚተርፈው ነው!" ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ ይህንኑ በፊደል ይጽፉታል። ማረጋገጫው ግን ያው ነው፣ ምንም የሚጨመርበት የለም። ጎኗ ያለው ልጅ ወዲያው "ሦስት ኢተጋማሽ ብንደምርስ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱን ለእናንተ ልተወው።

የበግ እግር ሠንጠረዥም እንሠራለን፦ 1 በግ 4 እግር፣ 2 በግ 8 እግር፣ 10 በግ? የመንዝ አገር ዘመድ የሌለው ልጅ እምብዛም ስለሌለ በዚህ አይቸገሩም። ሕጉን በራሳቸው ቃል እስኪናገሩ ብቻ ነው የምጠብቀው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። 3 + 4 = 7 + 5 = 12 ብሎ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር አለ። አንድ መስመር ይቆጥባል፣ እሺ። ግን 3 + 4 ከመቼ ወዲህ ነው 12 የሆነው? በሌላ በኩል ደግሞ "ልጄ ኤክስ የሚጀምረው መቼ ነው?" እያለ የሚያስቸኩል ወላጅ አለ። ፊደሉ በራሱ ጠላት አይደለም። ሩሲያ ውስጥ የሥነ ልቦና ምሁሩ እነ ዳቪዶቭ ገና ከአንደኛ ክፍል ፊደል ያስጽፉ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ መጀመሪያ ርዝመትን፣ ክብደትን፣ የዕቃ ይዘትን በእጃቸው እያወዳደሩ ነበር የሚጽፉት። የትኛው ይበልጣል፣ በስንት ይበልጣል፣ እኩል እንዲሆኑ ምን እናድርግ? እንዲህ ከሆነ ይምጣ። ባዶውን ከሆነ ግን ኤክስ ሌላ የሚሸመደድ ነገር ነው።

መጽሐፍ እስኪቀየር መጠበቅም አያስፈልግም። ከቤት ሥራው ጥቂቱን ብቻ ገልብጡት፦ 9 = ☐ + 2። 6 + 3 = 3 + ☐። ከዚያ "እውነት ወይስ ሐሰት?" ብላችሁ 7 = 7 የሚለውን አቅርቡ። "ቲቸር፣ ይሄማ ጥያቄ አይደለም" ብለው ይከራከሯችኋል። ተከራከሩ።