ይድረስ ላንቺ ነው ላንተ?

ደብሮኛል። የተቀመጥኩትም ለምን እንደደበረኝ ልጽፍ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ መብራት ከሰዓት ጀምሮ የለም፣ ቢሮም ያቺ የምታናድደኝ ነገር ዛሬ ተደገመች። ስልኬ ላይ ግን 40 ፐርሰንት ቻርጅ ቀርቶኝ ነበር። ጋቢዬን ተከናነብኩና ዳውንሎድ ያደረግኩትን አኒሜ፣ የጃፓን ተከታታይ ካርቱን፣ ከፈትኩ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ኪሚ ኒ ቶዶኬ» ነው። ታናሼ ሻማ ልትወስድ ገብታ «አሁንም ይቺ ጸጉራም?» ብላኝ ወጣች። አዎ፣ አሁንም።

ጸጉራሟ ሳዋኮ ናት። ረጅም ጥቁር ጸጉር፣ ገርጣ ያለ ፊት፣ ሰው ማናገር የሚጨንቃት የሃይስኩል ተማሪ። ክፍል ውስጥ ሳዳኮ ይሏታል። ሳዳኮ ማለት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው «ሪንግ» የተባለ የጃፓን አስፈሪ ፊልም ውስጥ ከቴሌቪዥን እየዳኸች የምትወጣዋ ሙት ናት። ሳዋኮን ሦስት ሰከንድ ዓይን ለዓይን ያየ መዓት ይወርድበታል ይባላል። እሷ ግን ሰው ለመርዳት የምትሯሯጥ የዋህ ነገር ናት። የሚያበሳጨኝ፣ «ሳዋ» የሚለው ትርጉሙ መንፈስን የሚያድስ እንደማለት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ስም ይዛ ሳዳኮ! ትክክለኛ ስሟ የመሰላቸውም አሉ። ካዜሃያ የሚባለው ልጅ ግን በሥርዓቱ ኩሮኑማ ብሎ በቤተሰቧ ስም ይጠራታል። ለክፍል ጓደኛ የአገራቸው ወግ እንደዚያ ነው።

በቃ፣ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። የፍቅሩ ነገርማ ያዘግማል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 25 ክፍል ነው። 25ቱም አልቆ «እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ» አልተባባሉም። የቱርክ ድራማ ቢሆን እስካሁን ተጋብተው፣ ተፋትተው፣ የጠፋ መንትያ ወንድም መጥቶ ነበር። እዚህ የሚሆነው ልጁ ፈገግ ይላል፣ ልጅቷ ትቀላለች፣ ስክሪኑ ላይ ክብ ክብ ብርሃን እንደ ሳሙና አረፋ ይንሳፈፋል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ትራሴን አቅፌ ሆዴ ይባባል። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይማ ለቫለንታይን ቀን ያዘጋጀችለትን ቸኮሌት ሳትሰጠው ትቀራለች። በዚያች ቸኮሌት ምክንያት የሚያጠፉት ጊዜ! ስልኩን ልወረውረው ደርሼ አውቃለሁ። ያ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2011 አለቀ፣ ሦስተኛው በ2024 መጣ። እነሱ ከ13 ዓመት በኋላም ሃይስኩል ናቸው። እኔ ወገቤን ያመኛል።

ዛሬ ግን ዓይኔ ርዕሱ ላይ ቀረ። «ቶዶኬ» ማለት ይድረስ ማለት ነው። ይድረስ! እንግሊዝኛው «ከእኔ ወደ» ምናምን ብሎ አልፎታል። የእኛ ደብዳቤ እኮ የሚጀምረው በዚህችው ቃል ነው። ችግሩ «ኪሚ» ላይ ነው። ኪሚ ወንድም ሴትም ይሆናል። በአማርኛ ግን መምረጥ ግድ ነው፤ ይድረስ ላንቺ ልበል ይድረስ ላንተ? የሳዋኮ ነው ብል «ላንተ» ይሆናል። የካዜሃያ ነው ብል «ላንቺ»። እሱም ያላደረሰው ነገር አለዋ።

እዚህ ላይ ስደርስ አንድ የሃይስኩል ልጅ ትዝ አለኝ። ባለ ሰማያዊ ሹራቡ።

እኔም ሃይስኩል ቅጽል ስም ነበረኝ። መርዶ። ፊቴ ሳልናደድም የተከዘ ስለሚመስል። «መርዶ መጣች» ይሉኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሱ አሥረኛ ክፍል ላይ ከደሴ ተዛውሮ መጣና ከፊቴ ተቀመጠ። አንድ ቀን ዞር አለና ስሜን፣ ዋናውን ስሜን፣ ሳያሳጥር ጠርቶ «ላጲስ አለሽ?» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። አረፋ ቢጤም ሳይንሳፈፍ አልቀረም።

ማታውን ከሒሳብ ደብተሬ መሀል አንድ ሉክ ገነጠልኩ። መሀሉ ሲገነጠል አያስታውቅም። «ይድረስ ለ» ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ እጄ በራሱ ሄደ። አያቴ ለጅዳዋ አክስቴ ደብዳቤ የምታስጽፈው እኔን ነበር፤ የማውቀውም የደብዳቤ ዓይነት እሱን ብቻ ነው። «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።»

ናፍቆትሽ! አንደኛ ወንድ ነው። ሁለተኛ እኔና እሱ መሀል ያለው አንድ ዴስክ ነው። «እኛ» ያልኩት ደግሞ ከማን ጋር ሆኜ ነው? በጃፓንኛ ብጽፈው ቢያንስ «አንቺ» ብዬው አልዋረድም ነበር። «ሽ»ውን ሰርዤ «ህ» ሳደርግ ወረቀቱ ተቀደደ። ላጲስ ፈለግኩ፣ ላጲሱ እሱ ጋ ነው። ለነገሩ በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ሌላ ሉክ ገነጠልኩና ሰላምታው ብቻ ገጹን ሞላው። ወደ ዋናው ጉዳይ ሳልገባ አያቴ ሻማ እንዳይባክን አጥፊው አለችኝ። ደብዳቤው ዓመቱን ሙሉ ደብተሬ ውስጥ ከረመ።

ስልኬ 6 ፐርሰንት ገብቷል። ምን ነበር የደበረኝ?

አሁን አሁን ሳስበው ደግሞ ላጲሱን የጠየቀኝ በመጣ በሁለተኛው ሳምንቱ ነው። ስሜን የሚያውቀው ከስም ጥሪ ነው ማለት ነው። መርዶ የሚለውን ገና አልሰማ ይሆን እንዴ? ላጲሴንም አልመለሰልኝም።